ኤድዋርድ ኩክ፦ ከዙፋን ጋር የተጋፋው እንግሊዛዊ የሕግ ሰው (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ጥያቄዎቹ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይሄዳሉ።

ኤድዋርድ ኩክ ማን ነው?

ከ1552 እስከ 1634 የኖረ እንግሊዛዊ ነው። ያልያዘው ወንበር የለም ማለት ይቻላል። ጠበቃ፣ የታችኛው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ፣ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ፣ ዋና ዳኛ ሆኗል። ከዚያ ከዳኝነቱ ተባረረ። ወደ ፓርላማ ተመለሰና ታሰረ። ተፈቶ በ76 ዓመቱ ንጉሡ ሳይወድ በግዱ የተቀበለውን የመብት ሰነድ በማዘጋጀት ዋናውን ሚና ተጫወተ።

የኖረው በሦስት ነገሥታት ሥር ነው ቢባል ይቀላል፦ ኤልሳቤጥ 1ኛ፣ ጄምስ 1ኛ እና ቻርልስ 1ኛ። (በልጅነቱ ሌሎችም ነበሩ፤ እነሱን እንተዋቸው።) ኤልሳቤጥ ልጅ ሳይወልዱ በ1603 ሲሞቱ፣ የስኮትላንዱ ጄምስ ለንደን መጥቶ ዘውድ ጫነ። የስቱዋርት ቤተሰብ በእንግሊዝ መንገሥ የጀመረው ያኔ ነው፤ የኩክ ታላላቅ ጠቦችም ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው።

ስሙ «ኮክ» ነው ወይስ «ኩክ»?

አጻጻፉ ወደ «ኮክ» ይወስዳል፤ የሚነበበው ግን «ኩክ» ተብሎ ነው። በአማርኛም «ኮክ» ካልነው ፍሬው ስለሚመጣብን እዚህ «ኩክ» ብለነዋል።

«ኩክ» በእንግሊዝኛ ወጥ ሠሪ ማለትም ስለሆነ በስሙ ብዙ ተቀልዷል። በለንደን ግንብ ሲታሰር የተሰጠው ክፍል ቀድሞ ወጥ ቤት ነበር ይባላል። አንድ ተጫዋች ሰው በሩ ላይ «ይህ ክፍል ወጥ ሠሪ ካጣ ቆይቷል» ብሎ ጻፈበት ተብሎ ይተረካል።

ጠበቃ የሆነው እንዴት ነው?

በኖርፎክ አውራጃ፣ ማይልሃም በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱም ጠበቃ ነበር፤ ኩክ ገና 9 ዓመቱ አካባቢ ሳለ ሞተ። ልጁ ኖሪች ተምሮ ካምብሪጅ ትሪኒቲ ኮሌጅ ገባ፣ ዲግሪ ሳይዝ ወጣ። በዚያ ዘመን ይህ ነውር አልነበረም። የእንግሊዝ ሕግ የሚማሩት ዩኒቨርሲቲ ሳይሆን ለንደን ውስጥ ጠበቆች አብረው በሚኖሩባቸውና በሚበሉባቸው ማኅበራት ነበር። ኩክ በ1572 ኢነር ቴምፕል የሚባለውን ተቀላቀለ፤ በ1578 የጥብቅና ፈቃድ አገኘ።

ቶሎ ስም ያወጣለት አንድ የስም ማጥፋት ክስ ነው። ሎርድ ክሮምዌል የሚባል ባላባት አንድን የገጠር ቄስ ከሶ ነበር፤ ኩክ ለቄሱ ቆመ። የከሳሹ ወገን የጠቀሰው የእንግሊዝኛ የሕግ ትርጉም ከዋናው ጽሑፍ ጋር እንደማይገጥም አሳየ። ሌላው ሁሉ ትርጉሙን አምኖ ሲከራከር እሱ ዋናውን ፈልጎ አንብቧል። ዕድሜ ልኩን የሠራበት ዘዴ ይኸው ነው፤ ዋናውን መዝገብ ማገላበጥ። ሲሰለች የሚታወቅ ሰውም አልነበረም። በኋላ በመጽሐፉ ውስጥ ለሕግ ተማሪ ያስቀመጠው ምክር 6 ሰዓት ለእንቅልፍ፣ 6 ሰዓት ለሕግ፣ 4 ለጸሎት፣ 2 ለምግብ የሚል የላቲን ግጥም ነው። የቀረው ለኪነ ጥበብ ይሁን ይላል።

ትዳሩስ? ብዙ ይወራል።

የመጀመሪያ ሚስቱ ብሪጀት ፓስተን ሀብታም ቤተሰብ ነበራት፤ ጥሎሿም ለኩክ የሀብት መነሻ ሆነ። 10 ልጆች ወለዱ። እሷ በ1598 ስትሞት፣ ዓመቱ ሳያልቅ ኤልሳቤጥ ሃተንን አገባ። ወጣት፣ ቆንጆና የትልቅ ሰው ልጅ ናት። እሷን ሊያገባ ሲመላለስ የነበረ ሌላ ሰው ነበር፤ የሕግ ሰውና ፈላስፋ የነበረው ፍራንሲስ ቤከን። ይህን ስም ያዙት።

ሠርጉ በግል ቤት ውስጥ፣ የቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያ ሳይነገር በመፈጸሙ ሁለቱም በቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት ተከሰሱ። የአገሪቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ያቀረበው መከላከያ ምን ይሁን? «ሕጉን አላወቅንም ነበር።» ይቅርታ ተደረገላቸው። ትዳሩ ግን ሰላም አላገኘም። ሴትዮዋ የሱን ስም ለመጠራት እንኳ አልፈለገችም፣ ሌዲ ሃተን እንደተባለች ኖረች። ሲሞት «እንደሱ ያለ ዳግመኛ አናይም፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች ይባላል።

ዐቃቤ ሕግ ሳለ ዋልተር ራሊን ያዋረደው እሱ ነው?

አዎ፣ እሱ ነው። በ1594 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሆነው ቤከን ተመኝቶት የነበረውን ቦታ ቀድሞ በመያዝ ነው። ከዚያ የዘመኑን ትላልቅ የክህደት ክሶች ሁሉ እሱ መራ፦ የኤሴክስን ኤርል በ1601፣ ራሊን በ1603፣ ፓርላማውን በባሩድ ሊያፈነዱ ያሴሩትን በ1606።

የራሊ ችሎት የተሰየመው ኖቬምበር 1603 ዊንቸስተር ውስጥ ነው። ለንደን ወረርሽኝ ገብቶ ነበር። መርከበኛም ባለቅኔም በነበረው በራሊ ላይ የቀረበው ዋና ማስረጃ ሎርድ ኮብሃም የተባለ ሰው በእስር ሆኖ የሰጠው ቃል ነው፤ ያውም ሰውየው በመሐል ቃሉን አንስቶ ነበር። ራሊ ሁለት ምስክር ያስፈልጋል ብሎ ተከራከረ፤ አንድ ነገርም ለመነ። ከሳሼ እዚህ ይምጣና ፊት ለፊቴ ይናገር አለ። ኮብሃም የታሰረው እዚያው ዊንቸስተር ነው። አልመጣም።

ኩክ በዚያ ቀን የተናገረው የሚዘገንን ነው። «ፊትህ የእንግሊዝ፣ ልብህ የስፔን» አለው። ከዚያም አንቱታውን አነሳበት፤ «አንተ ነው የምልህ፣ አንተ ከሃዲ!» አለው። የዛሬ እንግሊዝኛ አንተና እርስዎን ስለማይለይ ፈረንጅ አንባቢ ይህን ለመረዳት የግርጌ ማስታወሻ ያስፈልገዋል። አማርኛ ተናጋሪ ግን ስድቡ ወዲያው ይገባዋል። ራሊ ሞት ተፈረደበት፣ ዓመታት በእስር ቆየ፣ በዚያው አሮጌ ፍርድ በ1618 አንገቱ ተቀላ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2004 ተከሳሽ ከምስክሩ ጋር የመጋፈጥ መብቱን ሲያጠናክር ወደኋላ ዞሮ የጠቀሰው ይህንኑ ችሎት ነው።

«ንጉሥ ከሕግ በታች ነው» ብሎ ጄምስን ፊት ለፊት ተናግሯል የሚባለው እውነት ነው?

ግማሹ። ኩክ በ1606 ዋና ዳኛ ሆነ። የሚመራው ችሎት «ኮመን ፕሊስ» ይባላል፣ ሰዎች እርስ በርሳቸው የሚካሰሱበት ነው። ከዚያ ወንበር ላይ ሆኖ የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤቶች የማይመለከታቸውን ጉዳይ እንዳያዩ እግድ ይጽፍባቸው ጀመር። ሊቀ ጳጳሱ ባንክሮፍት ለንጉሡ አቤት አሉ። ዳኞች የንጉሡ ወኪሎች ናቸው፣ ስለዚህ ንጉሡ የፈለገውን ጉዳይ ራሱ ማየት ይችላል አሉ።

ኩክ የጻፈው እንዲህ ነው። ጄምስ፣ ሕግ የተመሠረተው በአእምሮ ነው፣ እኔም አእምሮ አለኝ አለ። ኩክ መለሰ። እግዚአብሔር ለግርማዊነትዎ ትልቅ እውቀት ሰጥቶዎታል፤ የሕግ ጉዳይ ግን በተፈጥሮ ብልሃት ሳይሆን በረጅም ትምህርትና ልምድ በተገራ አእምሮ ነው የሚፈረደው አለው። ንጉሡ ተቆጣ፤ እንግዲያውስ እኔ ከሕግ በታች ነኝ ማለት ነው፣ ይህን ማለትም ክህደት ነው አለ። ያኔ ኩክ የጥንቱን የሕግ ጸሐፊ ብራክተንን ጠቅሶ ንጉሥ ከማንም ሰው በታች መሆን የለበትም፣ ከእግዚአብሔርና ከሕግ በታች ግን ነው አለ። እኛ ዘንድ «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» ይባላል። ጄምስ ይህን ቢሰማ በደስታ ግድግዳው ላይ ያስጽፈው ነበር።

ችግሩ፣ ሌሎች የነበሩ ሰዎች የተዉት ወሬ ለየት ይላል። ንጉሡ ቡጢውን ጨብጦ ሲነሳ ኩክ መሬት ላይ ተደፍቶ ምሕረት ለመነ ይላሉ። የሚስቱ አጎት ሮበርት ሴሲልም ተንበርክኮ ለመነለት። የኩክ የራሱ ዘገባ የታተመው ደግሞ ከሞተ በኋላ በ1656 ነው። እኔ ሁለቱም ሳይሆኑ አይቀሩም ባይ ነኝ። ቃሉን ተናገረ፣ ከዚያ ፈራ። ልብ የሚባለው ግን ቀጥሎ ያደረገው ነው፤ ከተደፋበት ተነስቶ ወደ ችሎቱ ሄደ፣ እግዱን መጻፉን ቀጠለ። በ1610 ደግሞ ንጉሡ በዐዋጅ ብቻ አዲስ ወንጀል ሊፈጥር አይችልም፣ ሥልጣኑም የአገሩ ሕግ የሰጠው ያህል ብቻ ነው የሚል አስተያየት ከሌሎች ዳኞች ጋር ሆኖ ሰጠ።

የዶክተር ቦንሃም ጉዳይ ምንድን ነው? የሕግ ተማሪዎች ሁሌ ያነሱታል።

ቶማስ ቦንሃም ከካምብሪጅ በሕክምና የተመረቀ ሰው ነው፤ ለንደን ውስጥ ያለ ሐኪሞች ኮሌጅ ፈቃድ ማከም ጀመረ። ኮሌጁ በ1606 5 ፓውንድ ቀጣው። አልሰማም ሲላቸው 10 ፓውንድ ጨመሩበት፣ አሰሩትም። እሱም በሕገ ወጥ መንገድ አሰሩኝ ብሎ ከሰሳቸው።

ኩክ በ1610 ለቦንሃም ፈረደ። ከምክንያቶቹ አንዱ ገንዘቡ ነው። ሕጉ ከቅጣቱ ግማሹ ለኮሌጁ እንዲገባ ይላል። የሚከሰው፣ የሚፈርደው፣ ገንዘቡን የሚካፈለው አንድ አካል ሆነ ማለት ነው። ማንም በራሱ ጉዳይ ዳኛ አይሆንም አለ ኩክ። ከዚያ አንድ ዐረፍተ ነገር ጨመረ። የፓርላማ ሕግ ከጋራ መብትና ከአእምሮ ጋር ሲጋጭ ኮመን ሎው (ከልማድና ከዳኞች ውሳኔ የተገነባው የእንግሊዝ ሕግ) ይቆጣጠረዋል፣ ዋጋ ቢስ ነው ብሎም ይፈርድበታል አለ።

ይህች ዐረፍተ ነገር ከ400 ዓመት በላይ ስታጨቃጭቅ ኖራለች። አንዳንዱ ፍርድ ቤት የምክር ቤትን ሕግ መሻር ይችላል የሚለው የአሜሪካ ሐሳብ ዘሩ እዚህ ነው ይላል። ሌላው ደግሞ ኩክ ሕጉን በጥንቃቄ ተርጉሙት ማለቱ ብቻ ነው ይላል። ኩክ ራሱ በሽምግልናው የፓርላማ ሥልጣን ወሰን የለውም ብሎ መጻፉ ነገሩን አባሰው። እንግሊዝ በመጨረሻ የሄደችው በዚህ በሁለተኛው መንገድ ነው።

«የሰው ቤት ግንቡ ነው» የሚለው አባባል የሱ ነው?

ያስፋፋው እሱ ነው። በ1604 የተወሰነውን የሲሜን ጉዳይ ሲዘግብ የእያንዳንዱ ሰው ቤት ለሱ እንደ ግንቡና እንደ ምሽጉ ነው ብሎ አስቀመጠው። ብዙዎች የሚረሱት ግን ቀጣዩን ክፍል ነው። በዚያው ውሳኔ የንጉሥ ጉዳይ ከሆነ ሹሙ በሩን አንኳኩቶ፣ የመጣበትን ተናግሮ፣ አልከፍትም ከተባለ ሰብሮ መግባት ይችላል ተብሏል። ፖሊስ አንኳኩቶ ማንነቱን ይናገር የሚለው ልማድ ሥሩ እዚህ ነው።

ከዋና ዳኝነቱ ለምን ተባረረ?

በ1613 ወደ ንጉሡ ችሎት ዋና ዳኝነት አዛወሩት። ማዕረጉ ከፍ ያለ፣ ገቢው ዝቅ ያለ ነው። ሐሳቡን ያመነጨው ቤከን ነበር። ንጉሡ አጠገብ ቢቀመጥ ይለዝባል ብሎ አሰበ። አልለዘበም።

የመጨረሻው ፍጥጫ በ1616 መጣ። ንጉሡ ለአንድ ጳጳስ ተጨማሪ የቤተ ክርስቲያን ገቢ መስጠት ይችላል ወይ የሚል ክርክር ነበር። ጄምስ በቤከን በኩል ከኔ ጋር ሳትማከሩ እንዳትቀጥሉ ብሎ ለዳኞቹ አጻፈ። 12ቱም ዳኞች ይህ መሐላችንን ያፈርሳል ብለው ፈርመው መለሱ። ንጉሡ ጠራቸው። ሲቆጣቸው 12ቱም ተንበረከኩ። ከዚያ ጠየቃቸው፦ ወደፊት እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም ቆዩ ስላችሁ ትቆያላችሁ? 11ዱ አዎ አሉ። ኩክ ግን ጉዳዩ ሲመጣ ለዳኛ የሚገባውን አደርጋለሁ አለ።

መልሱ ይህ ብቻ ነው። ከሥራ ታገደ፣ ባሳተማቸው የፍርድ ዘገባዎች ውስጥ ያሉትን «ስሕተቶች» እንዲያርም ታዘዘ። በወራት ውስጥ ተመልሶ ይዞ የመጣው 5 ጥቃቅን ስሕተት ነው። ዘገባዎቹ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጉዳዮች የያዙ ናቸው። በኖቬምበር ተባረረ።

ልጁን በግድ መዳሩስ?

ይህ የሕይወቱ አስቀያሚ ገጽ ነው። ከተባረረ በኋላ ወደ ንጉሡ ፊት የሚመለስበት መንገድ ሲፈልግ፣ የንጉሡ የቅርብ ሰው የጆርጅ ቪሊየርስ (የኋላው የባኪንግሃም ዱክ) ወንድም ሚስት ይፈልግ ነበር። ኩክ ታናሿን ልጁን ፍራንሲስን ሊሰጠው ተስማማ። እናቲቱ ልጅቷን ወስዳ ደበቀቻት። «የሰው ቤት ግንቡ ነው» ያለው ሰው ወንዶች ልጆቹን አስከትሎ ሄደና በር ሰብሮ ልጅቷን አወጣ።

ሠርጉ በሴፕቴምበር 1617 ሃምፕተን ኮርት ቤተ መንግሥት ውስጥ ንጉሡ ባሉበት ተደረገ። ኩክም ወደ ንጉሡ የአማካሪዎች ምክር ቤት ተመለሰ። ባልየው የአእምሮ ሕመም ያዘው፤ ፍራንሲስ ከሌላ ሰው ወለደች፣ በቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤትም ተፈረደባት። በመጨረሻ ግን አባቷ ሲያረጅ ቤቱ ሆና የጦረችው እሷ ናት። ምን እንደተባባሉ መስማት እንዴት ያጓጓል!

ከፍራንሲስ ቤከን ጋር የነበረው ጠብ በምን አለቀ?

በቤከን ውድቀት። ሁለቱ በሹመት ተፎካከሩ፣ በሴት ተፎካከሩ፣ በሐሳብም አይገናኙም። ለቤከን ዳኞች አንበሶች ናቸው፣ ግን ከዙፋኑ ሥር ያሉ አንበሶች። ኩክ ከሥር መሆኑን አልተቀበለም።

ኩክ በ1621 በ69 ዓመቱ ፓርላማ ገባ። ሕዝቡን ያንገበገበው የሞኖፖል ፈቃድ ነበር። ንጉሡ ለወዳጆቹ የአንድ ዕቃ ወይም ሥራ ብቸኛ መብት ይሰጣል፣ ዋጋው ይንራል። ምርመራው ከጃይልስ ሞምፔሰን፣ የእንግዳ ማረፊያዎች ፈቃድ ከያዘው ሰው፣ ተነስቶ ቻንስለር (የንጉሡ ከፍተኛ የፍትሕ ሹም) ወደነበረው ቤከን ደረሰ። ጉቦ ተቀብሏል ተባለ፣ አመነ። 40,000 ፓውንድ ተቀጣ፣ ለጥቂት ቀን ግንቡ ውስጥ ታሰረ፣ ከሹመት ወጣ። ከዚህ ሁሉ የተረፈ መልካም ነገር ቢኖር የ1624ቱ የሞኖፖል ሕግ ነው፤ ኩክ ብዙ ደክሞበታል። ሞኖፖልን ከለከለ፣ ለአዲስ ፈጠራ ብቻ የ14 ዓመት መብት ፈቀደ። የፓተንት ሕግ ታሪክ የሚጽፍ ሁሉ ይህን ሳያነሳ አያልፍም።

ለምን ታሰረ?

በ1621 መጨረሻ ፓርላማው ስለ ስፔን ጋብቻ (የንጉሡን ልጅ ከስፔን ልዕልት ጋር ስለማጋባት) እና ስለ ውጭ ጉዳይ ማውራት ጀመረ። ጄምስ ይህ አይመለከታችሁም፣ መብታችሁም ከኔ የተሰጣችሁ ነው አላቸው። አባላቱ፣ ኩክ ከፊት ሆኖ፣ መብታችን ከጥንት የወረስነው ነው ብለው ተቃውሟቸውን መዝገብ ላይ አሰፈሩ። ንጉሡ መዝገቡን አስመጥቶ ገጹን በገዛ እጁ ቀደደው። ኩክ ከገና በኋላ ግንብ ገባ፤ ከ7 ወር በላይ ቆየ። ወረቀቶቹ ተበረበሩ፣ ወንጀል ግን አልተገኘበትም።

የመብት አቤቱታ የሚባለው ሰነድ ላይ ምን ሠራ?

ቻርልስ 1ኛ በ1625 ነገሠ። ገና በጅምሩ ከኩክ ጋር ተያያዙ። በ1626ቱ ፓርላማ እንዳይቀመጥ ብለው የባኪንግሃምሽር አውራጃ ሹም አደረጉት፤ ሹም ደግሞ አውራጃውን ትቶ ፓርላማ አይቀመጥም። ሹመት እንደ ቅጣት ማለት ነው።

ቻርልስ ለጦርነት ገንዘብ ሲያጥረው ሀብታሞችን በግድ አበድሩኝ አለ። ከ70 በላይ ሰዎች እምቢ ብለው ታሰሩ። አምስት ባላባቶች በ1627 ፍርድ ቤት ሄደው፣ እኛ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ የምንለውን አቀረቡ። የእስሩ ምክንያት ሲጠየቅ የመጣው መልስ «በንጉሡ ልዩ ትእዛዝ» የሚል ነው፤ ሌላ የለም። ዳኞቹ ወደ እስር ቤት መለሷቸው።

የ1628ቱ ፓርላማ የተሰበሰበው በዚህ ንዴት ነው። አዲስ ሕግ እናውጣ ቢሉ ንጉሡ አይፈቅድም። ኩክ መላ አመጣ፦ አዲስ ነገር አንጠይቅ፣ ድሮም ያለንን መብት በአቤቱታ መልክ እናስታውሰው። ያለ ፓርላማ ፈቃድ ግብር የለም፤ ምክንያቱ ሳይነገር እስር የለም፤ ወታደር በግድ ሰው ቤት አይሰፍርም፤ በሰላም ጊዜ ወታደራዊ ፍርድ የለም። የላይኛው ምክር ቤት የንጉሡ የበላይ ሥልጣን እንደተጠበቀ ሆኖ የሚል ሐረግ እንጨምር ሲል ኩክ አሻፈረኝ አለ። ማግና ካርታ (ንጉሥ ጆን በ1215 ለባላባቶቹ የፈቀደው የመብት ቻርተር) እኮ የበላይ ጌታ የማይፈልግ ሰው ነው አለ። ጁን 5 ስለ ሚኒስትሮች እንዳይናገሩ ትእዛዝ ሲመጣ አባላቱ ቤቱ ውስጥ አለቀሱ፤ ሽማግሌው ኩክም አለቀሰ። ከዚያ ተነስቶ የሁሉም መከራ ምክንያት የባኪንግሃም ዱክ ነው ብሎ ስሙን ጠራ። ጁን 7 ንጉሡ ተቀበለ። በዓመቱ ግን ፓርላማውን በትኖ እስከ 1640 ያለ ፓርላማ ገዛ።

ሲሞት ወረቀቶቹ ተወሰዱ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ንጉሡ አስቀድሞም ፈርቶታል፤ ሕዝቡ እንደ ነቢይ ስለሚያየው መጽሐፉ ባይታተም ይሻላል ብሎ ነበር። ኩክ በሴፕቴምበር 3፣ 1634 ስቶክ ፖጂስ በሚገኘው ቤቱ በ82 ዓመቱ ሲሞት፣ የንጉሡ ሰዎች የእጅ ጽሑፎቹን ጠርገው ወሰዱ። ኑዛዜው ሳይቀር ሄደ። የተቀበረው ኖርፎክ፣ ቲትልሻል ቤተ ክርስቲያን ነው።

ጊዜው ተገለበጠና በ1641 ፓርላማው ጽሑፎቹ ተመልሰው ይታተሙ አለ። «ኢንስቲቲዩትስ» ከሚባለው አራት ክፍል ያለው ሥራው በሕይወት ሳለ የታተመው የመጀመሪያው ብቻ ነበር፣ በ1628። ሁለተኛው በ1642፣ የቀሩት በ1644 ወጡ። ከዚያ በኋላ በእንግሊዝም በአሜሪካም ያለ የሕግ ተማሪ ሁሉ በዚህ መጽሐፍ ተፈተነ። ወጣቱ ቶማስ ጄፈርሰን በ1762 ለጓደኛው ሲጽፍ ይህን አሰልቺ ሽማግሌ ሰይጣን ይውሰደው ብሏል። በኋላ ሐሳቡን ለውጧል።

ማግና ካርታን በትክክል ተርጉሞታል?

የታሪክ ምሁር ብትጠይቁ አይደለም ይላችኋል። የ1215ቱ ቻርተር በመሠረቱ ባላባቶች ከንጉሥ ጆን ጋር ያደረጉት ስምምነት ነው። «ነጻ ሰው» የሚለው ቃል በዚያን ጊዜ አብዛኛውን ገበሬ አይጨምርም። ኩክ ግን የሁሉም እንግሊዛዊ መብት አድርጎ አነበበው። ኮመን ሎው በ1066 ከሆነው ከኖርማኖች ወረራ በፊት ጀምሮ የነበረ ነው ብሎም ያምን ነበር። መዝገብ የማገላበጥ ፍቅሩ ከፍተኛ ነው፣ ያገኘውን ግን እንደ ጠበቃ ነው ያነበበው፤ የሚረዳውን እየመረጠ።

ሆኖም ስሕተቱ ሠራ። ከሱ በኋላ የመጣው ሰው የያዘው ማግና ካርታ የ1215ቱ ሳይሆን የኩክ ነው።

እንግዲህ ጀግና እንበለው ወይስ ተገለባባጭ?

ተቃዋሚዎቹ የሚሉት ቀላል ነው። የንጉሥ ቅጥረኛ ሳለ ለንጉሥ ጮኸ፤ ሲባረር ለነጻነት ጮኸ። ለዚህ ማስረጃ አላቸው። በ1590ዎቹ እስረኞች እንዲሰቃዩ በሚፈቅዱ ትእዛዞች ላይ ስሙ አለ። በሽምግልናው ደግሞ በእንግሊዝ ማሰቃየትን የሚፈቅድ ሕግ የለም ብሎ ጻፈ።

እኔ ግን የ1616ቱን ቀን አልረሳም። ያኔ አልተባረረም፣ ገና ወንበሩ ላይ ነበር፣ አዎ ቢል የሚያጣው ነገር አልነበረም። ቂምና ፍርሃትና ገንዘብ መውደድ ሁሉም ነበሩበት፤ ያ መልስ ግን ከነዚህ ከአንዱም አይመጣም። ለራሊ ያደረገውንም ያ መልስ አያጥበውም። በ«ኢንስቲቲዩትስ» ሦስተኛ ክፍል ውስጥ ኩክ በክህደት የተከሰሰ ሰው የሚፈረድበት ሁለት ምስክር ሲኖር ነው፣ ያን የሚያዘው አሮጌ ሕግም አልተሻረም ብሎ ይከራከራል። ራሊ ዊንቸስተር ላይ ቆሞ የጠየቀው ይህንኑ ነበር። መጽሐፉ ሲታተም ራሊ ከተሰየፈ 26 ዓመት አልፎታል።